አጉድዬ ያነበብኩት

ይኼ ግድግዳዬ ላይ የሰቀሉት አዲስ ቆጣሪ የቤቴን ነገር ለማን ነው የሚናገረው? ከተሰቀለ ሦስት ወሩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ይኼንኑ እጠይቃለሁ፤ ልቤን የሚያሳርፍ መልስ ግን አላገኘሁም። የልጅ ልጄ ሶሬቲ ትስቅብኛለች። እሷ የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ከየሰዉ ቤት የመጣ ቁጥር ስትመረምር ትውላለች። እንዳስረዳችኝ ከሆነ ቆጣሪው በሆዱ እንደ ሞባይል ሲም ካርድ ይዟል። የቆጠረውን በራሱ ይልካል። በር የሚያንኳኳ ሰው አያስፈልገውም።

«እማማ፣ ትናንት ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃ አፍልተሻል አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ስልኳን እያሳየችኝ። ስልኩ ላይ ሰማያዊ እንጨት የመሰሉ ነገሮች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ከሌሎቹ ረዝሟል።

«አንቺ ተኝተሽ አልነበር እንዴ?»

«ተኝቼ ነበር። እሱ አይተኛማ።»

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማፍያውን ስሰካ ቀና ብዬ ቆጣሪውን ሳላይ አልሰካም። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያውቅ ይሆን? ሶሬቲ አምሽታ የምትመጣበትን ቀን፣ እኔ ብቻዬን የምሆንበትን ሰዓት ይለይ ይሆን? ይኼን ክፉ ሰው ቢያየውስ? እንዲህ እያልኩ ስጨነቅ ሶሬቲ «ስንትና ስንት መቶ ሺ ቤት ባለበት አንቺን ማን ይፈልግሻል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ አንድን ሰው ለመጉዳት አንድ ቁጥር እንደሚበቃ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ሶሬቲ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትሠራ ነበር። «በሰንበት?» አልኳት። ለነገ ጠዋት የሚደርስ ሥራ አለብኝ አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የድሮዎቹን ቆጣሪዎች አውርደው አዲሶቹን ሲሰቅሉ መጀመሪያ የአሮጌውን ፊት ፎቶ ያነሱታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፎቶው ላይ ያለውን ቁጥርና ቤት ለቤት የሚዞረው ቆጣሪ አንባቢ በየወሩ ሲመዘግብ የኖረውን ያስተያየዋል። የአንባቢው ካነሰ ቀይ መስመር ይወጣል።

«ይኼው ይኼ ሰውዬ» አለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ጅሬኛ ይባላል። በኮተቤ መስመር ነበር የሚያነበው። ሃያ ሁለት ቤት አጉድሏል። ስሙን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አሳልፋለሁ።»

«ጠየቃችሁት?»

«ምን ብለን?»

«እንዴት ጎደለ ብላችሁ።»

«እማማ፣ ቁጥሩ አለ እኮ። ምን ያስጠይቃል?» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ደግሞ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «አንባቢዎቹ ድሮም ሌቦች ነበሩ። ለዚህ አይደል እንዴ ማሽኑ የመጣው» አለች።

ጅሬኛ የሚሉት ሰው ሌባ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። «ድሮም» ስትል ግን ፊቴ ጋለ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ነገር ትዝ አለኝ።

«ሶሬ፣ እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺና አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

ለእሷ እያፈርኩ ስለነገርኳት ብዙውን አሳጥሬዋለሁ። እዚህ ላይ አላሳጥርም።

*

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን በየካ በኩል፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አልቆ የሰው ጓሮ የሚጀምርበት ቦታ ነበር። አባቴ ጉደታ ጠዋት ጠዋት ማሳውን አይቶ፣ ከሰዓት ወደ ከተማ ወርዶ መጋዘን ይጠብቃል። እናቴ ዘውድነሽ አማርኛ ትናገራለች፤ የአባቴ እናት አኮ ዳርቱ ኦሮምኛ ብቻ። እኔ በሁለቱ መሀል እየተመላለስኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። መብራት ከገባልን ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእኛ ረድፍ ከታች እስከ ላይ ቆጣሪ ያለው ሰባት ቤት ነበር።

የአኮ ዳርቱ ሕግ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚጠብቀው ግን የቁጥር ነገር ነበር። ያለሽን ሙሉውን ለሰው አትነግሪም። ከብት አይቆጠርም፤ ልጅ አይቆጠርም፤ የተጠየቅሽ እንደሆነ አጉድለሽ ትናገሪያለሽ። አምስት ልጆች ነበርን፤ ሰው ሲጠይቀን አራት ነን እንላለን። ሁለት ላሞች ነበሩን፤ አኮ «አንዲት አሮጊት ላም አለችን» ትላለች፣ ሁለቱም ላሞች ከኋላዋ ቆመው እያመነዠኩ። እንግዳው ያያቸዋል፤ እሷም እንዳያቸው ታውቃለች፤ ግን አንዲት ትላለች። ለእኔ ይኼ ውሸት አልነበረም። የቤትን በር እንደ መዝጋት ነበር።

ቆጣሪውን አኮ አትወደውም። ከቤቱ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተሰቅሎ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ክብ ቆርቆሮ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ከላይዋ በትንንሽ መስኮት ቁጥሮች አሉ። «ቀን ከሌት ይቆጥረናል» ትልና የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ታለብሰዋለች። አባቴ ይገልጠዋል፤ እሷ መልሳ ትሸፍነዋለች።

በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የሚመጣው አንባቢ ጋሽ ኢዶሳ ነበር። ካኪ ካፖርት ለብሶ፣ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ የታሰረ ትልቅ መዝገብ በብብቱ ይዞ ይመጣል። እናቴ በርጩማ ታወጣለታለች፤ በጣሳ ወተት ትሰጠዋለች። ወተቱን ጠጥቶ ጢሙን ይጠርግና ከእናቴ ጋር ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ እንጦጦ ማርያም ንግሥ ያወራል።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። ጋሽ ኢዶሳ ሲመጣ እናቴ ነገረችው።

«ወለተጊዮርጊስ ተማሪ ሆነች በሉኛ» አለ። «እውነት እንደሆነ እናያለን። ነይ፣ በርጩማው ላይ ውጪና ይኼን ቆጣሪ አንብቢልኝ።»

ወጣሁ። ጋሽ ኢዶሳ መዝገቡን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ገለጠው። ቀለሙን የሚያሸት መስሎኝ ነበር፤ እኔም ደብተሬን ስገልጥ አሸተዋለሁና።

«ባለፈው ወር አንድ ሺ ሁለት መቶ አርባ ነበር። አሁንስ?»

መስኮቱ አንድ ሺ ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ይላል። ደህና አድርጌ አንብቤዋለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን አኮ ዳርቱን አየኋት። እሷ ሁለታችን የምንባባለውን አትሰማም፤ ግን ዓይኗ እኔ ላይ ነው። የቤታችን ቁጥር። ሙሉውን፣ ጮክ ብዬ፣ ለመንገድ ሰው።

«አንድ ሺ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት» አልኩ።

«ጎበዝ!» አለ ጋሽ ኢዶሳ፤ እርሳሱን ምላሱ ላይ ነክቶ ጻፈው። «ይቺ ልጅ ጸሐፊ ትሆናለች።»

ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። አንብቤያለሁ፤ ደግሞም ቤቴን ጠብቄያለሁ።

በሚቀጥለው ወር «ልጅቷ ታንብብልኝ» ብሎ ራሱ ጠየቀ። በሦስተኛው ወር እናቴን «ሌሎቹንም ቤቶች ይዣት ልሂድ፤ እንድትለማመድ» አላት። እናቴ ደስ አላት፤ ለጎረቤት «ጋሽ ኢዶሳ ቁጥር እያስተማሯት ነው» እያለች ታወራ ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ ቅዳሜ ሰባቱን ቤት አብረን እንዞራለን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። አባቴ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ አያውቅም። ጋሽ ኢዶሳ እንዴት ቢወደኝ ነው እላለሁ። ዳገቱን ስንወጣ እጁ ይከብደኝ ነበር፤ ቢሆንም እንዲያነሳው አልፈልግም።

አንድ ቀን ግቢያችን ሲገባ፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ካፖርት አይቶ ባርኔጣውን አወለቀና «ጤና ይስጥልኝ አቶ ጉደታ፣ እንዴት ሰነበቱ» አለው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሱም ቆም አለና ሳቀ። እኔን ለማሳቅ ያደረገው ነበር የመሰለኝ።

እኔም አሁን በእርጅናዬ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ነበር። እስክታከም ድረስ ለሰው ሁሉ የምናገረው «ትንሽ ደከመኝ» እያልኩ ነው። ደረጃ ስወርድ የሶሬቲን ትከሻ «ነይ እስቲ ልደገፍሽ» ብዬ እይዛለሁ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስን ደህና ዋልሽ አልኩት። ሶሬቲ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስስቅ ነው ካፖርቱ ትዝ ያለኝ፤ ሳቄ ተቋረጠ።

ጋሽ ኢዶሳ አያይም ነበር። መዝገቡን አፍንጫው ላይ ካላስጠጋ አያይም፤ ቆጣሪ ደግሞ ከክንድ በላይ ተሰቅሎ፣ አቧራ በለበሰ መስታወት ውስጥ ነው። መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል፤ ግቢዎቹን በውሾቻቸው ድምፅ ይለያል። የቀረው ቁጥሩ ነበር። ቁጥሩን ከእኔ አገኘ።

እኔ ደግሞ የሰባቱንም ቤት አጎደልኩ። የጎረቤት ቤትስ የሰው ቤት አይደለም? የነሱም ላም እንዳትነጥፍ፣ የነሱም ልጅ እንዳይታመም እያልኩ። ጋሽ ኢዶሳ ያለፈውን ወር ቁጥር ከመዝገቡ ያነብልኛል፤ እኔ ቀና ብዬ የአሁኑን አያለሁ፤ ከዚያ የተጨመረው እንዳይበዛ አድርጌ ቀንሼ እነግረዋለሁ። ችግሩ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም። ባለፈው ወር የደበቅሁት በዚህ ወር ተደምሮ ይጠብቀኛል። ስለዚህ በየወሩ የምደብቀው ይጨምራል። በሚያዝያ ላይ በርጩማው ላይ ስወጣ እጄን ያልበኝ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ምንም አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል? ሳስበው፣ ላቡ አንድ ነገር ያውቅ ነበር።

*

በግንቦት ወር ሌላ ሰው መጣ። መሰላልና የእጅ ባትሪ የያዘ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ተቆጣጣሪ። በርጩማ ቢወጣለት አልተቀመጠም፤ ወተት ቢቀርብለት አልጠጣም። የአኮን ጨርቅ ከቆጣሪው ላይ በሁለት ጣቱ አንስቶ ጣለው፤ ባትሪውን አብርቶ አየ፤ ጻፈ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ወደ ላይኛው ቤት ሄደ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ሰባቱንም።

በሳምንቱ አባቴና የላይኛው ቤት ሰውዬ አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወሩ ከብቶቹ ጋ ሆኜ ሰማሁ።

«ከሥራ አውጥተውታል አሉ። ከሰባቱም ቤት በልቷል።»

«ከማን ነው የሚበላው?» አለ አባቴ።

«ከኔ እንዳትል ብቻ! ‹ሰዎቹ ጉቦ እየሰጡት ነው የሚቀንስላቸው› ነው የሚሉት። ቅቤ፣ ማር፣ ምናምን።»

«እኔ ለሰውዬው ምን ሰጥቼው አውቃለሁ?»

እኔ ከወዲያ ሆኜ «እኛ ቤት ወተት ብቻ ነው የጠጡት» አልኩ። መርዳቴ ነበር።

አባቴ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «የወተቱን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወተትም እንደ ቁጥር ለሰው የማይነገር ነገር ኖሯል ብዬ ያዝኩ።

በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ታመመ። ገና ዓመት ያልሞላው፣ ለሰው ስንቆጠር የምንተወው እሱን ነበር። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። አኮ ዳርቱ ራስጌው ተቀምጣ በኦሮምኛ «እዚህ ቤት የቆጠረ ሰው አለ፤ እዚህ ቤት ቁጥር የተናገረ ሰው አለ» እያለች ታጉተመትማለች። እኔ ምድጃው ጥግ ተኮራምቼ እሰማታለሁ። አጉድዬም ቢሆን ተናግሬያለሁ። በየወሩ፣ ጮክ ብዬ።

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ኢዶሳ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ካኪ ካፖርቱን አልለበሰም፤ ነጭ ጋቢ ነው የለበሰው፤ አንደኛው ሽማግሌ ክንዱን ይዞታል። አባቴ ወንበር ሰጣቸው። እናቴ የሚጠጣ ልታቀርብ ስትነሳ አባቴ በዓይኑ አስቀመጣት።

ጋሽ ኢዶሳ ተነስቶ ቆመ። እንዲቀመጥ ቢለምኑትም አልተቀመጠም።

«አቶ ጉደታ፣ የመጣሁት ሥራዬን ፍለጋ አይደለም» አለ። «ሥራው ይሂድ። ዓይኔ መድከም ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አራት ልጅ አለኝ፤ ደብቄ ኖርኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ለዚህ ይቅጡኝ። ግን ሌባ አይደለሁም። ቆጣሪውን ያነበበችልኝ ልጅዎ ናት። እሷ ያለችኝን ጽፌያለሁ። ልጅ ናት፤ ተሳስታ ይሆናል፤ ማንም አይቆጣትም። እኔ አነበብኩ ትበልልኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሰምተው ለመሥሪያ ቤቱ ይናገሩልኝ። ዕውር ተብዬ ልውጣ። ሌባ ተብዬ አልውጣ።»

የወንድሜ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ያኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጅዎ አነበበች።» አኮ ዳርቱ ራስጌው ላይ ሆና ቀና ብላለች። አማርኛውን አትሰማም፤ አሁን አንዱ ይተረጉምላታል። ቁጥሩን የተናገረች ይቺ ናት ይባልላታል። ወንድሜን ያሳመመችው ይቺ ናት። ሰዎቹ የመጡት ለዚህ ነው የመሰለኝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር።

«ይቺ?» አለ። «ይቺ ገና ፊደል ያልለየች፣ እንዲህ ያለ ማሽን የምታነብ? ነይ እስቲ ወዲህ። አንቺ ቆጣሪ አንብበሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም አይደል?»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«አላውቅም» አልኩ። «እኔ ለማንም ቁጥር ተናግሬ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ኢዶሳ ፊቱን ድምፄ ወደ መጣበት መለሰ። «ወለቴ» ብሎ ቢጠራኝ እነግረው ነበር እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን አባብያለሁ። አልጠራኝም። «ልጅቷን አስፈራናት» አለ። «ተዉአት። እደጊ ልጄ።»

ሊወጣ ሲዞር እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈለገ። አጠገቡ ነበርኩ፤ አንድ እርምጃ ብቻ። ወደ ኋላ አልኩ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ሽማግሌው ክንድ ሄደ።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ዳነ። አኮ «ተመስገን፣ የሰው ዓይን ተነሳልን» አለች። እኔም ደህና አድርጌ የካድኩ፣ በመካዴም ወንድሜን ያዳንኩ መስሎኝ ጉልበቷ ላይ ተኛሁ።

*

ልጅ ነበርኩ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ደስ ባለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ እናቴና አባቴ እኛ የተኛን መስሏቸው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የሰውዬውን እንጀራ ዘጋንበት» አለች እናቴ።

«ታዲያ ልጅቷ ትጠየቅ? እኔስ? ‹ሂሳብህ ጎድሎ ስታይ ለምን ዝም አልክ› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አንቺ አታውቂም ነበር?»

እኔ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ጎትቼ ቁጥሮቹን አሰብኩ፤ ያየሁትንና ያልኩትን። አሥር ዓመቴ ነው፤ መቀነስ ተምሬያለሁ። ሁሉም ገባኝ። በማግስቱ ተነስቼ ወደ ጋሽ ኢዶሳ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ በእግር አንድ ሰዓት ነው። አልሄድኩም። አባቴ ያፍራል አልኩ። ሲቆይ ደግሞ፣ አሁንማ ምን ይረባዋል አልኩ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቀን ካሳደረው ዕድሜውን ሁሉ ያሳድረዋል።

ስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ በመንገዱ ቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። ከሱቋ ደጃፍ ወንበር ላይ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጦ ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል። ሁለቱም ዓይኖቹ ወተት መስለዋል። ሱቁ የልጁ ነው። ደንበኞች ሲገቡ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ሰዉን በእግሩ ኮቴ እየለየ በስሙ ይጠራል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን መንገዱን አቋርጬ በግራ በኩል አለፍኩ። በማግስቱም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ላያየኝ ነገር መንገድ እያቋረጥኩ አለፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ሱቁ በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ድንኳኑ ውስጥም አልገባሁም።

*

ሶሬቲ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ብርሃኑን አጥፍቶ ነበር፤ አልነካችውም።

«አንቺ ነሽ ያጎደልሽው?» አለች መጨረሻ ላይ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ምንም አልወሰደም?»

«አንድ ጣሳ ወተት። በወር አንዴ።»

«መሥሪያ ቤቱ አልጠየቀውም?»

«ቁጥሩ ነበራ» አልኳት። እሷን ለመውጋት አልነበረም፤ ግን ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ፊቷ ቀላ።

«እሺ፣ ልጅ ሆነሽ ይሁን» አለች። «ትልቅ ሰው ከሆንሽ በኋላስ? ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ነው። አንድ ቀን እንኳ ‹እኔ ነኝ› አላልሽውም?»

«አላልኩትም።»

«እንደማያይሽ እያወቅሽ መንገድ ትሻገሪ ነበር።»

«እሻገር ነበር።»

ሶሬቲን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ስትሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች እርሳስ ጠፍቶ ብትጠረጠር፣ እጇን ይዤ ሄጄ አስተማሪዋ ፊት «የኔ ልጅ እውነት ነው የምትናገረው፤ እውነት ነው ያስተማርኳት» ብዬ የጮህኩ ሰው ነኝ። ያንን ቀን እስከ ዛሬ ለጓደኞቿ ታወራዋለች። አሁን እያየችኝ እሱን እንደምታስብ ፊቷ ላይ አነበብኩ። ዓይኔን ልሰብር ፈለግሁ፤ አልሰበርኩም። ይኼን ያህልማ ልቻል ብዬ።

«ሶሬ» አልኳት። «ስለ እኔ የፈለግሽውን አስቢ። ይኼን ጅሬኛ የሚባለውን ሰው ግን…»

እጇን አነሳች፤ በቃ እንደ ማለት። ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰችው። ቀዩ መስመር ተመልሶ መጣ። የሆነ ቦታ ስትነካ የሰውየው ስም፣ ሥሩ ደግሞ የስልክ ቁጥርና የሠፈር ስም ወጣ። ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ ፈለገች። የቆየ የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስልኩንና ሠፈሩን ጻፈች፤ አንድ ጊዜ ከስክሪኑ ጋር አስተያየችው፤ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ተነስታ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ከላይ ከእንጦጦ በኩል ደመናው እየወረደ ነበር። «ጃኬት ደርቢ፤ መገናኛ ሳትደርሺ ይመታሻል» አልኩ። ከዚህ ቤት ስትወጣ ጉንጬን ሳትስም፣ «እማማ፣ በሩን ቆልፊ» ሳትለኝ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ግንባሯን ቋጥራ የጫማዋን ክር ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፤ ቀና አለች፤ ወደ እኔ ሳትዞር በሩን ከፈተች፤ ምንም ሳትናገር ወጣች።